ራኒንግ ስታርት በሲያትል፦ በ16 ዓመት የሚከፈት የኮሌጅ መዝገብ

ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ 11ኛ ክፍል ሲደርስ ቀሪዎቹን ሁለት ዓመታት በከፊልም ሆነ ሙሉ በሙሉ ኮሌጅ ገብቶ መማር ይችላል። የትምህርት ክፍያውን የሚሸፍነው ስቴቱ ነው። ያለፈው ኮርስ ሁሉ ለሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማውም ለኮሌጅ ዲግሪውም ይቆጠርለታል። ጠንክሮ የያዘው ተማሪ እኩዮቹ ዲፕሎማ በሚቀበሉበት ሰኔ እሱ ከዲፕሎማው ጋር የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ይዞ ይወጣል። ፕሮግራሙ ራኒንግ ስታርት ይባላል።

በደቡብ ሲያትል በሬይኒየር ቫሊ፣ ከዚያም ወረድ ብሎ በተክዊላ፣ በሲታክ፣ በሬንተንና በኬንት ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። በእነዚህ ሰፈሮች የራኒንግ ስታርት ነገር ከቅዳሴ በኋላም፣ ቡና ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ይነሳል። የሚነሳውም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መልኩ ነው፦ የእገሌ ልጅ ሁለት ዓመት ኮሌጅ በነፃ ጨረሰች። እውነት ነው፣ የጨረሱ አሉ። ወሬው የማይነግረን ግን ልጅቷ የትኞቹን ኮርሶች እንደወሰደች፣ ከዚያ በኋላ የት እንደገባችና ከያዘችው ክሬዲት (የኮሌጅ ኮርስ የሚቆጠርበት መለኪያ) ስንቱ ለምትፈልገው ሙያ እንደጠቀማት ነው።

ጉዳዩን በዝርዝር መመልከት የፈለግሁት ለልጆቻችን ከተከፈቱት በሮች ሁሉ ትልቁ ይህ ሊሆን እንደሚችል ስለማምን ነው። ዳሩ ግን ልጁ በዚህ በር በገባበት ቀን ቋሚ የኮሌጅ መዝገብ ይከፈትለታል። መዝገቡ በ16 ዓመቱ ያገኘውን ውጤት በ26 ዓመቱም ያሳያል። ወላጅ ይህን ማወቅ ያለበት ፊርማውን ካኖረ በኋላ አይደለም።

ምርጫው ለቤተሰብ የተሰጠበት ሕግ

ሐሳቡን አስቀድማ በስቴት ደረጃ በሕግ ያጸናችው ሚኒሶታ ናት፤ በገዥው ሩዲ ፐርፒች ዘመን፣ በ1985 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዋሽንግተን ደግሞ በ1990፣ በገዥው ቡዝ ጋርድነር ዘመን፣ ወላጆችና ተማሪዎች የመማሪያ ቦታን የመምረጥ ሰፋ ያለ መብት እንዲያገኙ ባወጣችው ሕግ ውስጥ ራኒንግ ስታርትን አካተተች። በጥቂት ኮሌጆች ከተሞከረ በኋላ በ1992 በመላ ስቴቱ ተዘረጋ። ዛሬ በስቴቱ ያሉት 34 ኮሚዩኒቲና ቴክኒካል ኮሌጆች፣ ከእነሱም ሌላ አንዳንድ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቹን ይቀበላሉ። በመላ አሜሪካ በ2022–23 የትምህርት ዘመን በአንድም በሌላም መልኩ የኮሌጅ ኮርስ የወሰዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር 2.5 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር።

ሕጉ በምርጫ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ትርጉሙ የሚገባን የገንዘቡን መንገድ ስንከተል ነው። ስቴቱ ለአንድ ተማሪ የሚመድበው በጀት ለትምህርት ቤቶች አስተዳደር ይደርሳል። ልጁ ኮሌጅ ሲሄድ በወሰደው ኮርስ ልክ የተሰላ ገንዘብ አብሮት ይሄዳል፤ አስተዳደሩ እስከ 7 በመቶ ለራሱ ማስቀረት ይችላል፣ 93 በመቶው ለኮሌጁ ይተላለፋል። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት ብዙ ተማሪዎቹን ወደ ኮሌጅ በላከ ቁጥር ለራሱ መምህራን የሚከፍለው ይቀንስበታል። ይህን የምለው የትምህርት ቤት አማካሪዎችን ለመውቀስ አይደለም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በስሩ ያሉት አማካሪ ለአንዱ ልጅ የሚሰጠው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

ሕጉ ትምህርት ቤቶች ስለ ፕሮግራሙ ለተማሪዎችና ለወላጆች እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ ያሳውቃሉም። ማሳወቂያ መላክና አጠገብ ተቀምጦ የሁለት ዓመት ዕቅድ ማውጣት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ የዲፕሎማውን ወገን ያያል። የኮሌጁ የራኒንግ ስታርት ጽሕፈት ቤት የኮሌጁን ወገን ያያል። ሁለቱን አጋጥሞ ልጁ ከአሥር ዓመት በኋላ ሊሆን ከሚፈልገው ነገር ጋር የማገናኘቱ ሥራ በሕጉ መንፈስ ለመራጩ፣ ማለትም ለቤተሰቡ ተትቷል። አባትና እናቱ እዚሁ አገር ኮሌጅ የተማሩለት ልጅ ይህን ሥራ የሚሠራለት ሰው ቤቱ ውስጥ አለ። እናቱ ሌሊት አረጋውያንን ስትንከባከብ አድራ፣ አባቱ ከአየር ማረፊያ መንገደኛ ሲያመላልስ ውሎ የሚገናኙበት ቤት ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው የሚወስነው።

ሒሳቡ

በዋሽንግተን አምስት የኮሌጅ ክሬዲት አንድ ሙሉ የሁለተኛ ደረጃ ክሬዲት ነው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ክሬዲት ማለት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚሰጥ አንድ ትምህርት ነው። ትምህርት ቤት ከመስከረም እስከ ሰኔ የሚያስተምረውን ኮሌጅ በአንድ ሩብ ዓመት፣ በአሥር አሥራ አንድ ሳምንት ውስጥ ይጨርሰዋል። ሙሉ ጊዜውን የሚማር ልጅ በአንድ ሩብ ዓመት ሦስት እንዲህ ያሉ ኮርሶችን ወስዶ 15 ክሬዲት ይይዛል፤ ክረምቱን ሳይጨምር በዓመት ሦስት ሩብ ዓመት ስለሚማር በዓመት 45፣ በሁለት ዓመት 90 ይሆናል። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ የሚጠይቀውም 90 ነው።

ፍጥነቱን ልብ በሉልኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኅዳር ላይ የወደቀ ልጅ እስከ ሰኔ የሚያገግምበት ጊዜ አለው። ኮሌጅ ውስጥ በአራተኛው ሳምንት የመጀመሪያው ፈተና ከተበላሸበትና እስኪደነግጥ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ የሩብ ዓመቱ ግማሽ አልፏል። አስተማሪው ቤት ደውሎ አይነግራችሁም። የልጁ ውጤት እያሽቆለቆለ ነው የሚል ደብዳቤም አይመጣም።

የትምህርት ክፍያ የለም ማለት ወጪ የለም ማለት አይደለም። ኮሌጆቹ ልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃሉ፤ መጽሐፍ የሚገዛው ተማሪው ነው። አንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ የቤት ሥራ ከሚሠራበት የኮምፒውተር ፈቃድ ጋር ከመቶ ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች ልጆች ከአገልግሎት ክፍያው ነፃ የሚሆኑበት መንገድ አለ፤ ልጁ በትምህርት ቤት ለነፃ ወይም ለቅናሽ ምሳ የተፈቀደለት መሆኑ በቂ ማስረጃ ነው። ብዙ ኮሌጆችም መጽሐፍ ያውሳሉ። ይህ ሁሉ ግን የሚገኘው ለጠየቀ ነው።

መጓጓዣው በቅርብ ዓመታት ቀልሏል። ከመስከረም 2022 ጀምሮ 18 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች በአካባቢው አውቶቡስና ባቡር በነፃ ይሳፈራሉ። ኦተሎ ጣቢያ የተሳፈረ ልጅ ካፒቶል ሂል ሲወርድ ሲያትል ሴንትራል ኮሌጅ ጥቂት እርምጃ ነው። ኖርዝጌት ጣቢያ በጥቅምት 2021 ከተከፈተ ወዲህም በአውራ ጎዳናው ላይ በተዘረጋውና በጆን ሉዊስ ስም በተሰየመው የእግረኛ ድልድይ ተሻግሮ ኖርዝ ሲያትል ኮሌጅ መግባት ይቻላል። መኪና የሌለው ቤተሰብ ቀድሞ ይፈራው የነበረው ነገር በአብዛኛው ተቃልሏል ማለት ነው።

ሁለት ገደቦች አሉ፤ በዝምታ ታልፈው ሒሳብ መጠየቂያ ሲመጣ ነው የሚታወሱት። የመጀመሪያው፣ ስቴቱ የሚከፍለው በትምህርት ቤትና በኮሌጅ ተደምሮ እስከ ተወሰነ መጠን ላለው ትምህርት ነው። መጠኑ በየጊዜው ስለሚቀያየር ልጁ በሚመዘገብበት ዓመት ያለውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ለተወሰደ ክሬዲት ቤተሰቡ ከኪሱ ይከፍላል። ሁለተኛው፣ ኮርሱ የኮሌጅ ደረጃ መሆን አለበት። ኮሌጁ የተማሪውን ደረጃ በሚለይበት ምደባ ላይ ከኮሌጅ በታች የሆነ ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ የደረሰው ልጅ ያ ኮርስ በራኒንግ ስታርት አይሸፈንለትም። ከኢትዮጵያ በቅርቡ ለመጡ ልጆች ይህ ከባድ ነው። ሒሳቡን ቢችሉትም እንግሊዝኛው ገና ይይዛቸዋል፤ እንዲህ ላለው ልጅ አንድ ዓመት በትምህርት ቤቱ ቆይቶ ቋንቋውን ማጠንከር ኪሳራ አይደለም።

ትርፉ ለማን ነው?

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ያላስተዋለውን ላንሳ። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የዓመት ክፍያ ለስቴቱ ነዋሪ ከ4,000 ዶላር በላይ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ደግሞ ከ12,000 ዶላር ይበልጣል። ስለዚህ ሁለት ዓመት አስቀድሞ መጨረስ ብዙ ገንዘብ የሚያድን ይመስላል፤ ለአንዳንዱ ቤተሰብ በእርግጥም ያድናል። ነገር ግን ከ2020 ወዲህ በሥራ ላይ ያለው የዋሽንግተን ኮሌጅ ግራንት ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ልጆችን የትምህርት ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተንም ሃስኪ ፕሮሚስ በሚባለው ፕሮግራሙ ለእነዚሁ ልጆች የትምህርት ክፍያ ዋስትና ይሰጣል። ከሲያትል የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚመረቁ ደግሞ ሲያትል ፕሮሚስ በከተማው ኮሌጆች እስከ ሁለት ዓመት የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል።

እንግዲህ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ልጅ፣ በራኒንግ ስታርት ቢሄድም ባይሄድም፣ የትምህርት ክፍያው የሚሸፈንበት ዕድል ሰፊ ነው። ለእሱ የራኒንግ ስታርት ትርፍ ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ ነው፦ ሁለት ዓመት ቀድሞ ሥራ መያዝ፣ የሁለት ዓመት የቤት ኪራይና ቀለብ መቆጠብ፣ ወይም የተረፈውን ጊዜ ለሁለተኛ ዲግሪ ማዋል። ጊዜ የሚተርፈው ደግሞ ክሬዲቶቹ ለሚፈለገው ዲግሪ ሲቆጠሩ ብቻ ነው። ካልተቆጠሩ ያተረፈው ነገር የለም፤ መዝገቡ ግን ተከፍቷል።

በገንዘብ ከሁሉ በላይ የሚጠቀመው መካከለኛው ቤተሰብ ነው። እናት ነርስ፣ አባት አውቶቡስ ነጂ ሆነው ገቢያቸው ከድጋፉ ጣሪያ ከፍ ብሎ፣ ከኪሳቸው ለመክፈል ግን የሚቸገሩት። በእኛ ማኅበረሰብ እንዲህ ያሉት ጥቂት አይደሉም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያልነበሩበት ቦታ ላይ ዛሬ ደርሰዋል። እነዚህ ወላጆች ራኒንግ ስታርትን በቁም ነገር ሊያስቡበት ይገባል እላለሁ።

አንዲት ቅጽ

በየሩብ ዓመቱ ከምዝገባ በፊት የምትሞላ የምዝገባ ማረጋገጫ ቅጽ አለች። ተራ ወረቀት ትመስላለች፤ የፕሮግራሙ አሠራር ሁሉ ግን ያለው እሷ ላይ ነው። ተማሪው ሊወስዳቸው ያሰባቸውን ኮርሶች ይጽፋል። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ልጁ በትምህርት ቤቱ የሚወስደውን አይቶ በኮሌጅ ያለ ክፍያ የሚፈቀድለትን የክሬዲት መጠን ይሞላል፤ ለዲፕሎማው የሚጎድለውንም ይጠቁማል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወላጅ ይፈርማል። ቅጿ ለኮሌጁ ካልደረሰች ኮሌጁ ልጁን እንደ ማንኛውም ከፋይ ተማሪ ይቆጥረዋል፤ ሒሳቡም ለእሱ ይመጣል።

ወላጆች ይህችን ቅጽ የሚያዩዋት ብዙውን ጊዜ «እዚህ ጋር ፈርሚልኝ» ተብለው፣ ሊወጡ ጫማ ሲያስሩ ነው። እባካችሁ ተቀምጣችሁ አንብቧት። የዋሽንግተን ዲፕሎማ 24 ክሬዲት ይጠይቃል፤ ከእነሱ መካከል እንደ ጤና አጠባበቅና ሲቪክስ ያሉ ግማሽ ክሬዲት ብቻ የሚያስፈልጋቸው፣ እንደ ስፖርት ያለ አንድ ተኩል የሚያስፈልገው አሉ። ካልኩለስና ፊዚክስ በኮሌጅ ያለፈ ልጅ በግማሽ ክሬዲት የጤና ትምህርት ምክንያት ምረቃው ሊታገድበት ይችላል። ይህ እንዳይደርስ የሚታየው እዚያች ቅጽ ላይ ነው፤ የሚታየውም 12ኛ ክፍል የመጨረሻው ሩብ ዓመት ላይ ሳይሆን ገና 11ኛ ክፍል ሲጀመር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው። የሁለት ዓመቱን የኮሌጅ ዲግሪ ሙሉ በሙሉ ለጨረሰ ልጅ ግን ሕጉ ሌላ መውጫ ትቶለታል፤ ጠይቆ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማውን ከኮሌጁ ሊቀበል ይችላል።

በከፊል ትምህርት ቤት፣ በከፊል ኮሌጅ የሚማር ልጅ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ይዞ ይኖራል። ትምህርት ቤት የሚጀምረው በመስከረም መጀመሪያ ገደማ ነው፤ ኮሌጅ ወሩ ሊያልቅ ሲል ይከፍታል። የጸደይ ዕረፍታቸውም አይገጥምም። ትምህርት ቤት ዝግ ነው ብላችሁ ለቤተሰብ ጉዞ ቲኬት ስትቆርጡ ልጁ ኮሌጅ ፈተና ላይ ሊሆን ይችላል።

መዝገቡ

ብዙዎቻችን ያደግነው ዕጣ በአንድ ፈተና በሚለይበት አገር ነው። ዓመቱን ሙሉ የለፋነውን ብሔራዊ ፈተናው ይፋረደው ነበር፤ ከፈተናው በፊት የነበረውን ማን ያነሳው ነበር? እዚህ ያለው ሥርዓት ተቃራኒ ነው። እያንዳንዱ የኮሌጅ ኮርስ ከነውጤቱ ትራንስክሪፕቱ ላይ ይቀመጣል። በራኒንግ ስታርት የተወሰደውም እንደዚያው ነው፤ «ያኔ ልጅ ነበርኩ» የሚባልበት ቦታ የለውም።

ይህ የሚጎዳባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የገንዘብ ድጋፍ ነው። የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጠው ተማሪው ትምህርቱን በአጥጋቢ ሁኔታ እየገፋ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው፤ ሲመዘን ደግሞ አማካይ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን ከተመዘገበባቸው ክሬዲቶች ስንቱን እንደጨረሰ ይታያል። በራኒንግ ስታርት ጊዜ አቋርጦ የወጣባቸው ኮርሶች ያሉት ልጅ እዚያው ኮሌጅ ቢቀጥል ገና ድጋፍ ሳይቀበል ማስጠንቀቂያ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛው ሕክምና ነው፤ ይህንን ወላጆች በተለይ እንዲሰሙልኝ እፈልጋለሁ። ልጃቸው ሐኪም እንዲሆን የማይመኝ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ጥቂት ነው። በአሜሪካ ለአብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበለው ማዕከላዊ አገልግሎት አመልካቹ ከተማረባቸው ኮሌጆች ሁሉ ትራንስክሪፕት ይጠይቃል፤ በሁለተኛ ደረጃ ሳለ የወሰደው የኮሌጅ ኮርስም በውስጡ ነው፣ ውጤቱም ከአማካዩ ጋር ይሰላል። በ16 ዓመቱ በእልህ አጠቃላይ ኬሚስትሪ ገብቶ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ በ21 ዓመቱ ከዚያው ውጤት ጋር ይቀርባል። ልጁ ዝግጁ ከሆነ ይግባ። ዝግጁ ካልሆነ ኬሚስትሪውን በትምህርት ቤቱ ተምሮ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ በሙሉ ኃይሉ ቢወስደው ለሐኪምነቱ የተሻለ መንገድ ነው።

ሌላም አለ። በ1974 የወጣው የፌዴራል የትምህርት መዛግብት ሕግ እንደሚለው፣ ልጁ ኮሌጅ ከገባ በኮሌጁ መዝገብ ላይ ያለው መብት ዕድሜው 18 ባይሞላም የራሱ ይሆናል። ትናንት የትምህርት ቤት መምህሩን ያነጋገረች እናት ዛሬ ኮሌጅ ደውላ የልጇን ውጤት ብትጠይቅ አይነገራትም። በአገራችን ልማድ ይህ ንቀት ሊመስል ይችላል፤ ሠራተኛው ግን ሕግ እየጠበቀ ነው። ልጁ በፈቃዱ ለወላጁ እንዲነገር የሚያደርግ ፈቃድ መፈረም ይችላል፤ ከምዝገባው ቀን ጋር አብሮ ቢፈርም ይመረጣል።

ክሬዲቱ ወዴት ይሄዳል?

በዋሽንግተን ኮሌጆች ከአንዳንድ ኮርሶች ኮድ ጎን እንግሊዝኛው ለ«እና» የሚጠቀምባት ምልክት ተለጥፋ ታገኛላችሁ። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን እወቋት፤ ያ ኮርስ በስቴቱ ኮሚዩኒቲና ቴክኒካል ኮሌጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚታወቅ መሆኑን ታመለክታለች። ከአንዱ ወደ ሌላው ቢዛወሩ ክርክር የለበትም። ለዝውውር የተዘጋጀውን የሁለት ዓመት ዲግሪ የጨረሰ ልጅም በስቴቱ ውስጥ ባሉ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች በስምምነት የታወቀ ሰነድ ይዟል። ከስቴቱ ውጭና በብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ግን ነገሩ ይለያል፤ አንዳንዶቹ ለሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ የተቆጠረን ኮርስ ለራሳቸው ዲግሪ አይቀበሉም። ልጁ ልቡ ያለው ከዋሽንግተን ውጭ ከሆነ ይህ ከመመዝገቡ በፊት ይጠየቅ።

ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የሚመጣውን የራኒንግ ስታርት ተማሪ 90 ክሬዲት ቢይዝም እንደ አዲስ ገቢ ነው የሚመለከተው። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ኮምፒውተር ሳይንስን የመሰለ ቦታው የጠበበ ትምህርት በዋናነት የሚሞላው በአዲስ ገቢዎች ስለሆነ፣ ልጁ ዕድሉንም ክሬዲቱንም ይዞ ይወዳደራል።

ዋናው ብልሃት ግን ኮርሶቹን ከመጨረሻው ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ልጅ ተከታታይ ካልኩለሶች፣ ከእነሱ ጋር የሚሄዱ ተከታታይ ፊዚክሶች፣ ኬሚስትሪም ያስፈልጉታል፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። ይህ ልጅ በራኒንግ ስታርት ሁለት ዓመት ሥነ ልቦና፣ ሶሲዮሎጂ፣ የፊልም ታሪክና ንግግር ሰብስቦ 90 ክሬዲት ቢሞላ፣ በወረቀት ሦስተኛ ዓመት ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ሒሳቡን ግን ከታች ይጀምራል። ሁለት ዓመት ያተረፈ መስሎት አራቱንም ዓመት ይማራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለነርስነትም ይሠራል፤ አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂ በአንዳንድ ፕሮግራሞች ከተወሰዱ ብዙ ዓመት ካለፋቸው አይቆጠሩም። ተከታታይ ሳይንሶችን ደግሞ ከሁለት ተቋማት መሐል ላይ መክፈል አይመከርም፤ ኬሚስትሪ የጀመረ ሦስቱንም ክፍል እዚያው ይጨርስ።

ልጁ ገና ምን እንደሚሆን ካላወቀስ? አብዛኛው የ16 ዓመት ልጅ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። ለእሱ የእኔ ምክር ግማሽ ግማሽ ነው። የኮሌጅ እንግሊዝኛ ድርሰትና አንድ የሒሳብ ኮርስ የትም ቢሄድ ያስፈልጉታል። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ብቻ ወስዶ፣ ቀሪውን በትምህርት ቤቱ ከእኩዮቹ ጋር ቢማር፣ የኮሌጁን ፍጥነት ሳይሰበር ይለምዳል። ሙሉ ጊዜውን ለመግባት ከዚያ በኋላም ጊዜ አለ።

ራኒንግ ስታርትም ብቸኛው በር አይደለም። ኮሌጅ ኢን ዘ ሃይስኩል የሚባለው ፕሮግራም የኮሌጁን ኮርስ በትምህርት ቤቱ መምህር፣ በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ይሰጣል፤ በ2023 በወጣ ሕግ በመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ሲሰጥ ለተማሪዎች ከክፍያ ነፃ ሆኗል። ሬይኒየር ቢች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዓለም አቀፉን የባካሎሬት ፕሮግራም (አይቢ የሚባለውን ከፍ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት) ያስተምራል። የልጁ ትምህርት ቤት እነዚህን አጠንክሮ የሚሰጥ ከሆነ፣ ጠዋት በባቡር መሄዱ ግድ ላይሆን ይችላል። ደጋፊ መምህር፣ የሚያውቀው አማካሪና የሚጫወትበት ቡድን ያለው ልጅ ያንን ሁሉ ትቶ ከአዋቂዎች ጋር ሲቀመጥ የሚያጣውም ነገር እንዳለ አንርሳ።

ለዚህ ሁሉ የሚሻለው ጊዜ የ10ኛ ክፍል ጸደይ ነው። ኮሌጆቹ ለወላጆች የማብራሪያ ምሽት የሚያዘጋጁት፣ ምደባና ምዝገባ የሚጀመረውም በዚያ ሰሞን ነው። ከአማካሪው ጋር ቀጠሮ ያዙ፤ ልጁ እስካሁን ያለውን ትራንስክሪፕት፣ የሚያስበው ዩኒቨርሲቲ ለሚያስበው ትምህርት የሚጠይቃቸውን ኮርሶች ዝርዝርና የምዝገባ ማረጋገጫ ቅጿን ይዛችሁ ሂዱ። አማርኛ አስተርጓሚም ጠይቁ። ትምህርት ቤቶች ከወላጆች ጋር በሚረዱት ቋንቋ የመነጋገር ግዴታ አለባቸው፤ አስተርጓሚው ለእናንተ በነፃ ነው፤ ቀደም ብሎ ከተጠየቀ ይዘጋጃል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ በዚያ ስብሰባ ላይ የሚነገረው ስለ እሱ ስለሆነ፣ እሱም የራሱን ጥያቄ እንዲጠይቅ ነፃ መሆን አለበት።